ከሐዋ ቃል ላይ የቀነስኩት

አባ ሞቱማ መሪውን ከአስፋልቱ ወደ ግራ ጠመዘዙት። ወደ ባምባሲ የሚወስደው መንገድ ፊት ለፊታችን ተዘርግቷል፤ ከአዲስ አበባ የመጣው አጣሪ ቡድን አራት ሰዓት ላይ ይጠብቀናል፤ እሳቸው ግን ያቺን አሮጌ ላንድክሩዘር ቀርከሃው መሃል ወደሚገባው የከብት መንገድ ነዷት። ወዴት ነው አባ ብላቸው፣ ሐዋ ጋ ጎራ ብለን እንሄዳለን አሉኝ። የስልሳ ሁለቱን ምስክሮች ቃል ለየባለቤቱ በየቋንቋው መልሰው አንብበውለታል። የቀረችው ሐዋ ናት፤ ቃሏን በተቀበልኩበት ሳምንት ወባ ጥሏቸው ብቻዬን ነበር የሄድኩት።

ያን ወባ እግዜር ነው የላከልኝ ብዬ ነበር። እንዲህ ጉድ ሊሠራኝ መሆኑን መች አወቅሁ።

እንዳይረፍድብን አልኳቸው። መንገዱ ጎማ ይበላል አልኳቸው። ሴትየዋ ወንዝ ወርዳ ይሆናል፣ ብንሄድም አናገኛትም አልኩ። ቀኝ ጆሯቸው አይሰማም፤ እኔ ደግሞ በቀኝ በኩል ስለተቀመጥኩ አልሰሙኝ ይሆናል ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። ሰምቼሻለሁ አሉኝና መኪናዋን ጉድጓድ ውስጥ ከተቷት። አነዳዳቸውን የሚያውቅ ሰው ከእሳቸው ጋር ተሳፍሮ አይከራከርም፤ ዳዊት ይደግማል እንጂ።

ጭኔ ላይ ያለው ማህደር ውስጥ ስልሳ ሦስት የምስክር ቃል አለ። ሁሉም በእኔ እጅ የተጻፈ ነው። የወርቅውሃ እባላለሁ፤ አሶሳ ከፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ ጃንጥላ ዘርግቼ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ማመልከቻ ጽፌያለሁ። ባለጉዳይ መጥቶ ግማሽ ቀን ያወራኛል፤ ስለ ላሙ፣ ስለ አጥሩ፣ ጎረቤቱ ስለሰደበው ስድብ። እኔ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ፍሬ ነገሩን ለቅሜ በአንድ ገጽ አስቀምጠዋለሁ። ዳኛ ተረት አይወድም። ዳኛ ስም ይወዳል፣ ቀን ይወዳል፣ ማን ምን እንዳደረገ ይወዳል። በዚህ ሙያዬ ማንም አምቶኝ አያውቅም፤ አባ ሞቱማም ከዚያ አንስተው የወሰዱኝ ለዚሁ ነው።

እሳቸውን ለማያውቅ ልንገር። የወለጋ ሰው ናቸው፤ የካቶሊክ ቄስ ሆነው እዚህ አገር ከመጡ ሃያ ስድስት ዓመታቸው። ሐሙስ ሐሙስ ሳሙናና ዳቦ ይዘው እስረኛ ይጠይቃሉ፤ ሁለት ጊዜም ራሳቸው ታስረው ሳሙና የሚያመጣላቸው ጠፍቶ ነበር። ጆሯቸው የተመታው በሁለተኛው ነው። በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት መንገዱ ሁሉ ደም በደም ሲሆን፣ ሰው ሬሳ ለማንሳት ሲፈራ፣ በዚህችው መኪና አሥራ አንድ ሰው ጭነው በእጃቸው ቀብረዋል። እስላም ነው ክርስቲያን ነው አላሉም። ከዚያ ወዲህ አገር ለአገር እየዞሩ ማን እንደሞተ፣ ማን እንዳየ ይጽፋሉ። ጳጳሳቸው ረጋ ይበሉ ብለዋቸዋል፤ እሺ ብለው በማግስቱ ካማሺ ሄዱ። ሰዉ ያወጣላቸው ስም አባ ወረቀት ነው።

እኔ የገባሁት ግን ለፍትሕ ብዬ አይደለም፤ አልዋሽም። ለደም ነው የገባሁት።

ባሌ ዋቅሹማ የባምባሲ ልጅ፣ የአይሱዙ ሹፌር ነበር። በዚያው በአሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት ከካማሺ ማሽላ ጭኖ ሲመለስ፣ እዚህ ከሐዋ ወንዝ በላይ ካለው ኬላ ላይ መታወቂያውን አይተው አወረዱት። ስሙ ነው ያስገደለው። ሬሳውን በሁለተኛው ቀን ያገኙት አባ ሞቱማ ናቸው። ኬላውን የያዘው ሚሊሻ የሌላ አገር ሰው አልነበረም፤ የእኛው የአምባችን ልጆች ነበሩ። ወላጆቼን በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን ጭነው ከሌሎች ሰፋሪዎች ጋር እዚህ ጫካ ውስጥ ጣሏቸው፤ እኔም እዚሁ ነው ያደግሁት፤ አምባዎቻችን ስም የላቸውም፣ ቁጥር ነው ያላቸው። የእኛን ቁጥር አልጠራም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል።

የሚሊሻው አዛዥ ገበየሁ ይባላል። ቤቱ ከአባቴ ቤት ጋር በአንድ አጥር የሚዋሰን ነው። ለቅሶ መጥቶ ድንኳን ውስጥ ከአባቴ ጎን ተቀምጦ ነበር፤ አዬ ዋቅሹማ፣ ምን ዓይነት ዘመን መጣብን እያለ ራሱን ሲነቀንቅ በዓይኔ አይቻለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኔ መርሳት ቀርቶ አንድ ማለዳ እንኳ የእሱን አንገት ሳላስብ ተነስቼ አላውቅም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉኝንም ሰዎች ጠላኋቸው። የእኔ ሦስት ዓመት አደረ እንጂ አልጠራም።

ሐዋን ከዛፍ ጥላ ስር አገኘናት። ጠዋት ወንዝ ወርዳ ወርቅ ስታጥብ ቆይታ መመለሷ ነው፤ የቀሚሷ ጫፍ እርጥብ ነበር፣ የእንጨት ገበታዋም አጠገቧ ተደፍቷል። ከእኔ በአሥር ዓመት ብትበልጥ ነው። የበርታ ሴት ናት፤ አማርኛዋ ከገበያ የተለቀመ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም አንተ ነው የምትለው። ማንጎ አቀረበችልን። አባ ሞቱማ በበርታ ሰላምታውን አስረዘሙት፤ በዚህ ቋንቋቸው ትንሽ ይኩራራሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ምን ላድርግ።

እዚህ ላይ ያደረግሁትን ልናገር። ከሦስት ሳምንት በፊት ሐዋ እዚሁ ቦታ ተቀምጣ እንዲህ ነበር ያለችኝ። ያን ቀን ወንዙ ውስጥ ጎንበስ ብላ ገበታዋን ስታዞር ሦስት ሰዎች አንድ ሰው ይዘው ከመንገዱ ወረዱ። ሁለቱ ጠመንጃ ይዘው ከኋላ ነበሩ። ሦስተኛው ባርኔጣ ያደረገ ነው፤ ፊቱን ባርኔጣው ጋርዶባት አላየችውም፤ ግን የሰውየውን እጅ እንደ ወዳጅ ይዞ፣ አይዞህ ሚዜ፣ አይዞህ ሚዜዬ እያለ ነበር የሚያወርደው። ቀርከሃው ውስጥ ገቡ፤ ሁለት ጥይት ጮኸ፤ ሦስቱ ብቻ ተመለሱ። ማን እንደተኮሰ አላየችም። ያን ሚዜ የሚለውን ቃል ግን ትርጉሙን ስለማታውቀው ገበያ ወጥታ ሰው ጠይቃ ነበር፤ ሰርግ ላይ ሙሽራውን የሚያጅበው ነው ሲሏት ሦስት ቀን እህል አልበላ አላት።

ሚዜ ስትል እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ። እኔና ዋቅሹማ ስንጋባ የእሱ ወገኖች እኛ ጴንጤ ነን እነሱ ኦርቶዶክስ ናቸው ብለው፣ ደግሞም ሰፋሪ ብለው ከሰርጉ ቀሩ። ሙሽራው ያለ አንድ ሰው ብቻውን መጣ። ያኔ ገበየሁ ከሰዉ መሃል ተነስቶ ሚዜ ያጣ ሙሽራ በአምባችን አይታይም አለና ከጎኑ ቆመ። ዋቅሹማ ለዚህ ነገር ዕድሜ ልኩን እንዳመሰገነው ነበር። እስኪገደል ድረስ ሁለቱ ሚዜዬ ሚዜዬ እየተባባሉ ነው የኖሩት፤ በዓለም ላይ እሱን እንዲያ የሚጠራው ሌላ ሰው አልነበረም።

እና ምን አደረግሁ፤ የለመድኩትን አደረግሁ። ወሬውን ጥዬ ፍሬ ነገሩን ጻፍኩ። እጅ መያዙን ሰረዝኩ፣ አይዞህ ሚዜውን ሰረዝኩ፣ ገበያውን ሰረዝኩ። በምትኩ የሚሊሻ አዛዥ ገበየሁ ሟች ዋቅሹማን በሁለት ጥይት ተኩሶ ሲገድለው በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ ደመደምኩት። ለሐዋ ሳነብላት ያቺን መስመር ዘልዬ የሰረዝኩትን ከአፌ ጨመርኩላት። አውራ ጣቷን በቀለም ነክራ አተመች፤ እኔም ወረቀቱን አጥፌ ስመለስ ከሦስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ።

አሁን አባ ሞቱማ በበርታ ያነባሉ፣ ሐዋ ማንጎዋን ትልጣለች። መሃል ላይ ቢላዋዋ ቆመ። ቀና ብላ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው፤ ደግመው አነበቡላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ይሄ እኔ አላለም። ገበየሁ እኔ አያውቅም። ሲተኩስ እኔ አላየም፣ ወላሂ። ያ ሚዜ የት አለ? አንተ የት ጣለው?"

አባ ሞቱማ መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ለረጅም ጊዜ ጠረጉት። ሐዋ የሆነውን ሁሉ እንደገና በቋንቋዋ ነገረቻቸው፤ እሳቸው ሚዜ የሚለው ቃል በደረሰ ቁጥር ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ስትጨርስ ተነስተው ወደ መኪናዋ ሄዱ። ተከተልኳቸው።

ሌላም እንዲህ ያደረግሽው አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ይሄ ብቻ ነው አልኩ፤ እውነቴን ነበር። በምን ልመንሽ አሉኝ። ወረቀቷን ብቻ ቀድደን የቀሩትን እንስጥ፣ ማን ያውቃል ብዬ ለመንኳቸው። ደግሞም ገዳዩ እሱ ነው፣ እርስዎም ያውቃሉ፣ ሐሰት የጻፍኩት በንጹህ ሰው ላይ አይደለም አልኩ። ይሄን ስል መዳፋቸውን የመኪናዋ ኮፈን ላይ አሳረፉት፤ ቆርቆሮው ጎደጎደ።

"አውቃለሁ። ያን ሰውዬ በካቴና ታስሮ ማየት ከአንቺ ባላነሰ እፈልጋለሁ። ቅዳሴ ላይ ቆሜ እሱን የማስብበት ቀን አለ፤ ይሄንንም ተናዝዤበታለሁ። ሴትየዋ የሰጠችሽ እውነት ብቻውን ይበቃው ነበር። አንቺ እሱን ጥለሽ የራስሽን ሰፋሽበት። ነገ ሐዋን ጠርተው ቢጠይቋት ስልሳ ሁለቱ ምስክሮች ሁሉ ውሸታም ይሆናሉ።"

እናስ ምን ይሁን አልኩ። አንቺው ትናገሪያለሽ አሉኝ፤ እዚያው፣ እሱ ባለበት።

ወይ ጣጣ። ገበየሁ ፊት ቆሜ በሐሰት ስሙን ጽፌያለሁ ልበል? ያን ጊዜ አባ ሞቱማንም ጠላኋቸው። መኪናው ውስጥ ገብቼ ማህደሩን ይዤ ልሮጥ ሁሉ አሰብኩ። ሐዋ ግን ቶቧን ለብሳ፣ ያን የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበትን ረጅም ጨርቅ ማለቴ ነው፣ ልጇ ያመጣላትን አዲሱን ቢጫ ለብሳ መጣች። ወረቀቱ ከተበላሸ እኔ ራሴ ሄጄ እናገራለሁ ብላለች ለካ። በአጠገቤ ስታልፍ አፌን ወሰድክ አለችኝና ከኋላ ተሳፈረች። እስከ ባምባሲ ድረስ ሌላ ቃል አልተናገረችም።

ስብሰባው የተጠራው በአንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ወንበሩ ሞልቷል። የአምባችን ሰው ከሃምሳ በላይ መጥቷል፤ ገበየሁ ራሱ በሁለት መኪና ጭኖ አምጥቷቸዋል። እሱ ከፊት ረድፍ እግሩን አጣምሮ ተቀምጦ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጓል። አባቴ ከኋላው ነበር። ያየኝ እንደሆነ ብዬ አየሁት፤ ዱላውን ነው የሚያየው። አባቴ በዚህ ነገር አንድ ቀን ብቻ ነው ያናገረኝ፤ አንቺ ከተማ ነሽ፣ እኔ ከእነሱ ጋር ነው የማርሰው ብሎ ዘጋው። አልፈረድኩበትም ብል ውሸት ነው፤ ፈርጄበታለሁ።

ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ብርሃነሽ የምትባል፣ ከእኔ የምታንስ፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት ናት። አባ ሞቱማ ማህደሩን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡና ከማስረከባቸው በፊት ጸሐፊዋ የምትናገረው አለ አሉ። ተነሳሁ። ሐዋ ያላለችውን እንደጻፍኩ፣ ያለችውን እንደሰረዝኩ፣ ሲተኩስ አይቻለሁ የሚለው ከእኔ እንደሆነ አንድ በአንድ ተናገርኩ። ስሙንም ጠራሁ፤ መጥራት ነበረብኝ።

መጋዘኑ ተንጫጫ። ገበየሁ ቀስ ብሎ ተነሳና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

"እህቴ ናት። ሐዘን ነው እንዲህ ያደረጋት። እኔ በበኩሌ ይቅር ብያታለሁ።"

ይቅር ብያታለሁ! ሰዉ እሰይ፣ ትልቅ ሰው፣ ጨዋ ልጅ አለ። አንዲት ሴት እንዲያውም ዕልል ልትል ከጅሏት ነበር። በዚያች ሰዓት ጠመንጃ የሰጠኝ ቢኖር እግዜርንም አባ ሞቱማንም አላይም ነበር። ምላሴን ነክሼ ቆምኩ፤ የደሙ ጣዕም ዛሬም አፌ ውስጥ አለ።

ወይዘሮ ብርሃነሽ ከጎኗ ካሉት ጋር ተንሾካሾከችና ውሳኔዋን ተናገረች። ስልሳ ሁለቱ ቃሎች እያንዳንዱ ምስክር እንደገና ተጠይቆ እስኪረጋገጥ ድረስ አይያዙም። የእኔ ቃል ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ በማንኛውም ጉዳይ ላይ አይያዝም። አባ ሞቱማ ሦስት ዓመት የለፉበትን ማህደር ከጠረጴዛው ሲያነሱት ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። ሰውየው እንዲህ አርጅተው አይቻቸው አላውቅም ነበር።

ከዚያ ሐዋ ተጠራች። አስተርጓሚ ይምጣልሽ ቢሏት እኔ ይችላል ብላ እምቢ አለች። በዚያው በተሰባበረ አማርኛዋ ወንዙን፣ ሦስቱን ሰዎች፣ ባርኔጣውን፣ የተያዘውን እጅ ተናገረች። አይዞህ ሚዜ፣ አይዞህ ሚዜዬ ስትል ድምፅዋን የወንድ አድርጋ ነው ያለችው። የአምባችን ሰው አንድ ላይ ትንፋሹን ሲውጥ ተሰማኝ። ገበየሁ አልተንቀሳቀሰም፤ ባርኔጣውን ግን ከጉልበቱ አንስቶ ወንበሩ ስር አኖረው።

ሟች ሲያገባ ሚዜው ማን ነበር ብላ ጠየቀች ሰብሳቢዋ።

ብድግ አልኩ። አፌን ከመክፈቴ እጇን አነሳች። "ይቀመጡ፤ የእርስዎ ቃል አይያዝም ብያለሁ።"

ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ስሙን ለመጻፍ ብዬ ስሙን መናገር የማልችለው ብቸኛ ሰው ሆንኩ። የሰርጌ ፎቶ በዚያው ዓመት ቤታችን ሲቃጠል አብሮ ነዷል። ዋቅሹማ የለም። የእሱ ወገን ሰርጉ ላይ አልነበረም።

ሰብሳቢዋ ወደ ሰዉ ዞረች። ሰርጉ የተደገሰው በአምባችሁ ነው፤ ሚዜው ማን ነበር፣ የሚያውቅ ይናገር አለች። ዝም። ደግማ ጠየቀች። አንድ በአንድ አየኋቸው። ያ በሬውን የጣለው ነው። ያቺ ሦስት ቀን ሙሉ ወጥ የሠራችው ናት። እነዚያ ሁለቱ ሲጨፍሩ አድረው ጫማቸው የጠፋባቸው ናቸው። አንዱ ጣሪያውን ያያል፣ አንዱ ጥፍሩን፣ አንዷ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ማታ ሁሉም ወደ አምባ ይመለሳል፤ ጠመንጃው አምባ ውስጥ ነው። ይሄን አውቃለሁ። አውቄም ግን አንድ በአንድ በሆዴ ረገምኳቸው፣ ማንንም አላስቀረሁም፣ አባቴንም ጭምር።

ወይዘሮ ብርሃነሽ ከጎኗ ላለው ጸሐፊ ሚዜው አልታወቀም ብለህ መዝግብ አለችው።

ሐዋ ገና ከቦታዋ አልተነሳችም። ዞራ ያን ሁሉ ሰው ተመለከተች፤ የተናደደች አትመስልም፣ ግራ የገባት ነው የምትመስለው።

"ሚዜ ካለ ሰርግ አለ። ሰርግ ካለ የበላ ሰው አለ። ማን በላ?"

አንዱ ከኋላ አሳለ። ከዚያ ከገበየሁ ጀርባ ወንበር ተንቋቋ። አባቴ ዱላውን ተደግፎ ሲነሳ ገበየሁ ዞሮ እጁን ያዘው፣ ጋሼ ይቀመጡ አለው በቀስታ። አባቴ እጁን አላስለቀቀም፤ እንደተያዘ ቆመ።

"የደገስኩት እኔ ነኝ" አለ። "ሚዜው ይሄ እጄን የያዘኝ ልጅ ነው። ሙሽሪትን ከእጄ የተቀበለው እሱ ነው።"

ገበየሁ እጁን እንደ ተቃጠለ ሰው ለቀቀው። እኔ ሦስት ዓመት የጠበቅሁትን ፊት አየሁ፤ ያ ይቅር ባይ ፊት ግርጥት ሲል አየሁ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ደስም አለኝ፣ አልክድም። ግን አባቴ ንግግሩን አልጨረሰም ነበር። ጎረቤቶቹን አንድ ጊዜ ዞሮ አያቸውና ፊቱን ወደ ሰብሳቢዋ መለሰ።

"ጻፊው ልጄ። ደግሞ ማደሪያ ፈልጉልኝ፤ እኔ ከእንግዲህ እዚያ አምባ አልገባም።"

ሰባ ዓመት አልፎታል። አርባ ዓመት ከኖረበት ቤት ጠዋት ሲወጣ ላሚቱን ደጅ አስሮ፣ ማታ እመለሳለሁ ብሎ በሩን ገርበብ አድርጎ ነበር የመጣው።